የውጭ አገር አስተማሪ ቅዳሜና እሑድ በቡታን አገር

አስተማሪ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ደወል ሲደወል ይገባል፤ ያስተምራል፤ ያርማል፤ ይቈጣል። ቅዳሜና እሑድ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። የአገሩ ሰው ለሆነ አስተማሪ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቤተ ዘመድ አለው፤ ለቅሶና ሠርግ አለበት፤ ዕድሩም ይጠራዋል። ከባሕር ማዶ መጥቶ በተራራ ላይ ባለች መንደር ለሚያስተምር ሰው ግን እነዚህ ሁለት ቀኖች ከአምስቱ ይልቅ ይከብዳሉ። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ይህንኑ ነው፤ ለምሳሌም የመረጥሁት ቡታንን ነው።

ቡታንን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ የዚያ አገር ዘመናዊ ትምህርት እንደ እኛው በብዙ የውጭ አገር አስተማሪዎች እጅ ያደገ ነው። ሁለተኛም፣ ስለ ኑሯቸው ያነበብሁት ነገር ከደጋው አገር ልማዳችን ጋር እየተገናኘብኝ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የተገኘሁበት ቀን አለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቡታን በሂማላያ ተራሮች ላይ፣ ከሰሜን በቻይና ከደቡብ በህንድ የምትዋሰን ትንሽ የንጉሥ አገር ናት። ስፋቷ 38,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሕዝቧ 800,000 አይሞላም። የዋና ከተማዋ የቲምፉ ከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፤ የታኅሣሥና የጥር ብርዷ ግን ከእኛ ይብሳል። እስከ 1962 ድረስ ከህንድ ወሰን ወደ ቲምፉ የሚወስድ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ መንገደኛ በእግሩና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። በ1961 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን ሲጀመር መንግሥቱ በየአውራጃው ትምህርት ቤት ለማስፋፋት ቈረጠ። ቤቱን መሥራት ይቻላል፤ አስተማሪ ግን ከየት ይምጣ? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ተወሰነ አስተማሪዎች ከህንድ፣ ብዙዎቹም ከደቡቡ ክፍል ከኬረላ መጡ። በ1963 ደግሞ አባ ዊልያም ማኬ የተባሉ ካናዳዊ የጀስዊት ማኅበር ካህን ወደ ምሥራቅ ቡታን ተጠርተው በትራሺጋንግ ማስተማር ጀመሩ። በ1968 በካንግሉንግ የተከፈተውን፣ ዛሬ ሸሩብጼ ኮሌጅ የሚባለውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። በኋላም የቡታን ዜግነት ተሰጣቸው፤ በ1995 እስኪሞቱም ድረስ ከዚያው አገር አልተለዩም።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን ራሳቸውን ሳይነቀንቁ አይቀሩም። ለእኛም አገር የካናዳ ጀስዊቶች እንግዶች አይደሉምና። ዶክተር ሉሲየን ማት ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር በ1945 መጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መምራት ጀመሩ፤ በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያቋቋሙት እኚሁ ሰው ናቸው። የኬረላን አስተማሪዎች ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። የእኔም አያት ሒሳብ የተማሩት ከኬረላ በመጡ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቡታን ለብዙ ዘመን ቅዳሜ እስከ ቀትር ትምህርት ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የአስተማሪው ዕረፍት አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከተማሪዎቹ ጋር ግቢ በመጥረግና አትክልት በመኰትኰት ይሸራረፋል። ወደ ምሥራቅ የተላከው አስተማሪ ከቲምፉ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ይቀመጣል፤ በክረምት ተራራው ሲናድ መንገዱ ይዘጋል፤ እንኳን ዋና ከተማ ሄዶ ሊመለስ፣ ደብዳቤውም በሰዓቱ አይደርሰውም። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፈው ከመንደሩ ጋር ነው ማለት ነው፤ ወይም በሩን ዘግቶ ብቻውን።

በሩን መዝጋት ግን ቀላል አይደለም። ገና ጎሕ ሲቀድ ይንኳኳል። ሲከፍት አንድ ትንሽ ልጅ ጐመን ወይም ድንች ወይም እንዲያው አንድ እቅፍ ቃሪያ ይዞ ቆሟል፤ እናቱ ልካው ነው። በአንዲት ትንሽ መንደር ገበያ ስለሌለ አስተማሪው አትክልት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ወዲያው ከኪሱ ገንዘብ ያወጣል። ስጦታን በገንዘብ መመለስ እንደማያምርም ኋላ ይማራል። የሚያምረው ዕቃውን ሲመልሱ ባዶውን አለመመለስ ነው፤ ጥቂት ስኳር፣ ጥቂት ብስኩት፣ ሌላ ነገር ከጠፋም ለልጁ ከረሜላ ይደረግበታል። እናቶቻችን ከጎረቤት የመጣ ሞሰብ ባዶውን አይመለስም የሚሉት በእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ልብስ ማጠብ አለ። ቧንቧው የሁሉ ነው፤ አስተማሪውም ልብሱን የሚያጥበው ትናንት በክፍል ውስጥ ዝም ያሰኛቸው ልጆች ፊት ነው። ካልሲው የተቀደደ እንደሆነ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንዳንዶቹ ተማሪዎች እኛ እናጥብልዎ ብለው ይለምናሉ፤ ቢፈቅድላቸው የሚያፍር እርሱ ነው፤ ቢከለክላቸው የሚያዝኑ እነርሱ ናቸው። ወደ ሱቅ ሲወጣም በመንገድ የሚያገኘው ሰው ሁሉ «ወዴት ነህ?» ይለዋል። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ሰው በዚህ ይበሳጫል፤ ምን አገባቸው፣ ለምን ይጠይቁኛል ይላል። ነገር ግን «ወዴት ነህ» በእነርሱ ዘንድ ጥያቄ ሳይሆን ሰላምታ ነው፤ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ካሉ በቂ መልስ ነው። የአገራችን ገበሬም በመንገድ ያገኘውን ሰው የት ልትሄድ ነው ሲለው ሊመረምረው ፈልጎ አይደለም።

ቅዳሜ ማታ ብዙ ጊዜ ግብዣ አለ። ይህን ጉዳይ ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም እንግዳ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የቡታን ሰው ምግብ ሲቀርብለት ወዲያው አይቀበልም። አፉን በእጁ ሸፍኖ «ሜሹ ሜሹ» ይላል፤ በቃኝ፣ አልፈልግም እንደ ማለት ነው። አቅራቢው ደግሞ ያንን ቃል እንደ እውነት አይወስደውም፤ ደጋግሞ ያቀርባል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። ራሱ በግብዣ ላይ አንድ ጊዜ «እሺ» ብሎ እንደ ተራበ ሰው ይቈጠራል፤ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ደግሞ «ሻይ ትጠጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅና «አንጠጣም» ሲሉት በእውነት አይፈልጉም ብሎ ይተዋቸዋል። ልጆቹም እንደ ተጠሙ ተመርቀው ይወጣሉ። በእኛ ቤት «በሞቴ» የሚለው ቃል ያለ ሥራ እንዳልተፈጠረ ይህን ሳነብ ገባኝ።

የሚቀርበውም መጀመሪያ ሱጃ ነው፤ ሱጃ ቅቤና ጨው የተጨመረበት ሻይ ነው። ቡናቸውን በጨውና በቅቤ የሚጠጡ የአገራችን ሰዎች ስላሉ ይህ አያስደንቀንም። ቀጥሎ አራ ይመጣል፤ ከበቈሎ ወይም ከሌላ እህል የሚወጣ አረቄ ሲሆን፣ ስሙም ከእኛው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከቱ። ጨዋታው ሁሉ የሚደረገው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻው ሩዝና ኤማ ዳጺ ይቀርባል። ኤማ ቃሪያ ነው፤ ዳጺ አይብ ነው። ቃሪያው ለማጣፈጫ ጣል የተደረገ አይደለም፤ ወጡ ራሱ ቃሪያ ነው። በመከር ጊዜ የቤቱ ጣራ ሁሉ በሚሰጣ ቃሪያ ቀይ ይሆናል። ሌላው እንግዳ እንባውን እየጠረገ ሲበላ የኢትዮጵያ ልጅ ብንሆን ኖሮ ምናልባት ማዕረግ እናገኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከእኛ ይለያል። እኛ ከበላን በኋላ ቡና ተፈልቶ እስከ ሦስተኛው ድረስ እንቀመጣለን፤ በቡታን ግን እራት ማለት የግብዣው መጨረሻ ነው። እንግዳው በልቶ እጁን ሲታጠብ ተነሥቶ ይሄዳል። ጨዋታው አሁን ይጀምራል ብሎ የተቀመጠ አስተማሪ ባለቤቶቹን እንቅልፍ ይከለክላቸዋል፤ ሂድ ብሎ የሚያባርረው ግን አያገኝም።

እሑድ ቀን የቀስት ጨዋታ ነው። ቀስት ከ1971 ጀምሮ የቡታን ብሔራዊ ስፖርት ነው፤ አጨዋወቱም እንደ ኦሎምፒክ አይደለም። ሁለት ዒላማዎች 140 ሜትር በላይ ተራርቀው በሜዳው ጫፍና ጫፍ ይተከላሉ። ዒላማው ከጥቂት ስንዝር የማይሰፋ ሳንቃ ስለሆነ ከዚያ ርቀት ለዓይን እንኳ ያስቸግራል። ሁለቱ ወገኖች ከአንዱ ጫፍ ሆነው እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ቀስት ይወረውራል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ማዶ ተሻግረው ከዚያ ወዲህ መልሰው ይወረውራሉ። ተመልካቹና ተጫዋቹ ከዒላማው አጠገብ ቆመው ቀስቱ በላያቸው ሲመጣ እያዩ ፈቀቅ ይላሉ። አንዱ የመታ እንደሆነ ጓደኞቹ በዒላማው ፊት ተሰልፈው እየዘፈኑ ይጨፍራሉ፤ በመታ ቍጥርም በወገቡ ላይ ባለቀለም ጨርቅ ያንጠለጥላል። ሴቶቹ ደግሞ ከዳር ቆመው የእነርሱን ወገን ያበረታታሉ፤ የተቃራኒውን ወገን ስለ መልኩ፣ ስለ አረማመዱ፣ ስለ ሚስቱም እየጠቀሱ በስድብ እጁን ለማሳት ይሞክራሉ። ማንም አይቈጣም። በገና ዕለት የመንደር ድሀ ጌታውን ቢሰድብ እንደማይቀየመው ያለ ነፃነት ነው። የውጭ አገሩ አስተማሪ ስሙ በዚያ የስድብ ዘፈን ውስጥ የገባ ቀን መንደሩ እንደ ተቀበለው ቢቈጥረው አይሳሳትም ባይ ነኝ። ከዚያ በፊት የሚያመሰግኑት እንግዳ ስለሆነ ነው።

ጨዋታ በሌለበት እሑድ ወደ ተራራው ገዳም መውጣት አለ። በመንገድ ቾርተን የሚባል የነጭ ኖራ መቅደስ ሲያጋጥም በቀኝ በኩል እያደረጉት ማለፍ ልማድ ነው፤ ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ በዚሁ አኳኋን ሲዞሩት ይውላሉ። በዝናብ ወራት ደግሞ አልቅት ከጫማ እስከ ጉልበት ይወጣል። ስለ አልቅት የበለጠ አልጽፍም።

የበዓል ቀን ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ጼቹ የተባለው በዓላቸው ለጥቂት ቀናት የሚቈይ ሲሆን መነኮሳትና የአገር ሰዎች ጭምብል አድርገው በዝማሬና በከበሮ ይጨፍራሉ። ሰው ሁሉ ያለውን ምርጥ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ወንዱ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ጎ፣ ሴቷ እስከ እግር የምትወርደውን ኪራ። ወደ መንግሥቱና ወደ ገዳሙ ምሽግ ሲገቡ ወንዱ ካብኔ የሚባለውን ረጅም ነጠላ መሰል ልብስ ያጣፋል፤ ቀለሙም እንደ ባለቤቱ ማዕረግ ይለያል፤ የተራው ሰው ነጭ ነው። አስተማሪው ጎ ለብሶ ሲመጣ ተማሪዎቹ ይከቡትና ያስተካክሉለታል፤ ልብሱን ብቻውን ለመልበስ ወራት ይፈጅበታልና። ለባዕድ ሰው ነጠላ ያለበሰ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ምሳው የሚመጣው በባንግቹንግ ነው፤ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ክዳኑ በግጥሙ ላይ ጥብቅ የሚል ክብ ዕቃ ነው። ሥዕሉን ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ «አገልግል አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ኑሮው ድግስና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል እፈራለሁ። ረጅሙ ሰዓት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በ1973 የወጣቶች ማኅበር በቡታን የመጀመሪያውን ሬዲዮ ሲጀምር የሚሰማው እሑድ እሑድ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ኩንሰል የተባለው ጋዜጣ በ1986 በየሳምንቱ ቅዳሜ መውጣት ጀመረ፤ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የገቡት በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አስተማሪ ደብዳቤውን ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ በቀር መሸሻ አልነበረውም። በ1989 ከካናዳ መጥታ በፔማጋጸል ሕፃናትን፣ በኋላም በሸሩብጼ ያስተማረችው ጄሚ ዜፓ ስለዚህ ዘመን መጽሐፍ ጽፋለች፤ በመጀመሪያው ጊዜ ምን ያህል ወደ አገሯ ለመመለስ እንደ ተመኘች አትደብቅም። ዛሬ ስልክ በሁሉ እጅ አለ። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሑድ ሙሉ ከአገሩ ሰዎች ጋር በስልክ ሲያወራ የሚውል አስተማሪ ከጎረቤቱ ጋር መቼ ይነጋገራል?

ከዚህ የሚከብድም ነገር አለ። በ1989 በቡታን የአገሩ ልብስና ሥርዐት በሕዝቡ ሁሉ ላይ እንዲጸና ታዘዘ፤ የኔፓል ቋንቋም ከትምህርት ቤት ወጣ። በ1990 በደቡብ ያሉ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች ተቃውሞ አደረጉ፤ ከዚያም በኋላ ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎች በምሥራቅ ኔፓል በስደተኞች ሰፈር ተቀመጡ። ከ2007 ወዲህ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተወስደዋል። በክፍል ውስጥ ወንበሮች ባዶ ሲሆኑ የውጭ አገር አስተማሪዎች አይተዋል። ቅዳሜ ማታ ሱጃ እየጠጣ ከሁለቱም ወገን የሚሰማ እንግዳ ምን ማለት ይገባዋል? በክፍላችን ይህን አንሥተን ተከራክረናል። አንዳንዶቹ እንግዳ የቤቱን ነገር አይፈርድም አሉ፤ ሌሎቹ አስተማሪ ተማሪው ሲጠፋ ዝም ካለ ለምን ስም ይጠራል አሉ። እኔ የሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ፤ ዳሩ ግን በማግሥቱ ከአገር ሊያስወጡት የሚችሉት እርሱን እንጂ እኔን አለመሆኑን አውቃለሁ።

ቡታን ስለ ደስታ በመናገር የታወቀች አገር ስለሆነች ብዙ ጸሐፊ ገነት ያደርጋታል። መንደሩን ገነት ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው በዝናብ ወራት ውሃ ቀድቶ ወደ ዳገት ያልተሸከመ ሰው ይመስለኛል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብዙ የቡታን አስተማሪዎች ራሳቸው ሥራቸውን እየለቀቁ ወደ አውስትራልያ ሄደዋል። አሁን እነርሱም በሰው አገር እሑድ ከሰዓት በኋላ አላቸው።

ወደ አያቴ ልመለስ። ይህን ጽሑፍ ካነበብሁላቸው በኋላ፣ የኬረላው አስተማሪያቸው እሑድ እሑድ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡ። «ከቤታቸው ደጅ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር» አሉኝ። እናንተስ አትጠይቋቸውም ነበር ወይ ብላቸው፣ «እንፈራቸው ነበር፤ በሩቁ አይተን እንሸሻለን» አሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ የፋሲካ ዕለት፣ ቅድመ አያቴ እንጀራና ዶሮ በሞሰብ አድርገው ላኳቸው። አስተማሪው በር ላይ ተቀብለው ብዙ አመሰገኑ፤ አያቴም ሮጠው ተመለሱ። ሞሰቡ በሳምንቱ መጣ። ያመጡት አስተማሪው ራሳቸው ነበሩ፤ በውስጡም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቢጫ ሩዝ ነበረበት። ገብተው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው አያቴ፣ «ገቡ እንጂ፤ እናቴ እኮ ሦስት ጊዜ ለመነቻቸው» አሉኝ።